ፊት እግርና መሪ አንድ ሥራ ናቸው፦ የድሮ ቮልስ ዝቅ ከመደረጓ በፊት

ኮምቦልቻ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ቮልስ ቆማለች። የአጎቴ ነበረች። ዛሬ የእኔና የታናሽ ወንድሜ ናት። ሞተሯ ወርዷል። በሮቿ ወልቀዋል። ፊቷ በሁለት ጉማጅ እንጨት ላይ ተሰቅሏል። ወንድሜ ዝቅ ብላ ሊያያት ይፈልጋል። ስልኩ ውስጥ ያለው ፎቶ ሁሉ ሆዷ አስፋልት ሊነካ ምንም ያልቀራት ቮልስ ነው። እኔ ደግሞ ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል ስትወርድ መሪዋ እጄ ላይ እንዲጸናልኝ እፈልጋለሁ። ሁለታችንም የምንፈልገውን ማግኘት እንችላለን። ግን ፊት እግሩንና መሪውን እንደ አንድ ሥራ ካየናቸው ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት በአንድ ቀን ነው። መጀመሪያ ለአንድ ጋራዥ ሰጥተናት ነበር። “ዝቅ አድርጉልን” አልን። ስንረከባት ዝቅ ብላለች፣ አምሮባታል። ከደሴ ስንመለስ ሐረጎ ላይ አስፋልቱ የተጎዳበት ቦታ ደረስን። ፊቷ ሰመጥ ብሎ ተነሳ። በዚያች ቅጽበት መኪናዋ ወደ ግራ ሳበች። መሪውን እኔ አላዞርኩትም። እጄ እንደያዘው ነው። ከታች የተጫነ መኪና እየወጣ ነበር። “ምን ሆንክ ጋሼ?” አለኝ ወንድሜ። ምንም አልሆንኩም። መኪናዋ ናት በራሷ የዞረችው።

በማግስቱ ኮምቦልቻ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጋ ወሰድናት። ሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ “አብሽር” አለኝ። “መኪናዋ አልተበላሸችም። ማዕዘኗ ነው የተበላሸው።” የዛሬው ጽሑፌ የዚያች ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው።

ከሥር ያለው ምንድን ነው?

የቮልስ ፊት እግር እንደ ሌላ መኪና ሞላ ወይም ባሌስትራ የለውም። ሁለት ቱቦዎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተዘርግተዋል። በየቱቦው ውስጥ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ተደራርበው ገብተዋል። መሐላቸው ላይ ታስረዋል። ጫፍና ጫፋቸው ላይ ክንዶች አሉ። ጎማው ከፍ ሲል ክንዱ ይዞራል፣ ቅጠሎቹም ይጣመማሉ። ልብስ አጥባችሁ ስትጨምቁ የምታጣምሙትን አስቡ። ብረቱ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። እንደ ሞላ የሚያገለግለው ይኸው ነው። ሐሳቡ ከፈርዲናንድ ፖርሽ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የወጣ ነው።

የእኛዋ ቮልስ ጎማዋን የሚይዙት ቦል ጆይንቶች (ኳስ መያዣው ውስጥ የሚዞርባቸው መገጣጠሚያዎች) ናቸው። ቮልስዋገን ይህን ማስገባት የጀመረው በ1966 ሞዴል ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት በፒን የሚታጠፉ ናቸው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ሱፐር ቢትል የሚባለው ፊቱ በሞላና በአሞርዛተር (የሞላን ዝላይ በሚያበርደው ዕቃ) ቆመ። ስለዚህ ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ሥሩ ገብታችሁ እዩ። ሊብሬው ላይ ያለውን ዓመት ብቻ አትመኑ። ባለፉት 50 ምናምን ዓመታት ማን ምን እንደቀየረ አይታወቅም። ቸርኬም እንዲሁ ነው። የድሮዎቹ በ205 ሚሊሜትር ክብ ላይ የተደረደረ 5 ብሎን አላቸው። የኋለኞቹ በ130 ሚሊሜትር ክብ ላይ 4 ብሎን። አንዱ ለአንዱ አይሆንም።

መሪው ደግሞ እንዲህ ነው። ከመሪው የሚወርደው ዘንግ የማርሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ የተቀመጠው ከላይኛው ቱቦ ላይ ነው፣ ከመሐል ወደ ግራ አዘንብሎ። ከእሱ ሁለት ታይሮዶች፣ ማለትም መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙ ዘንጎች፣ ይወጣሉ። የግራው አጭር ነው። የቀኙ ረጅም ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መሪውን ሳትነኩት ለምን ይዞራል?

የቮልስ ጎማ በጉድጓድ ላይ ሲያልፍ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ክንዶቹ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉ ስለሆኑ ወደ ጎን አይሄድም። ታይሮዱ ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱ ጫፉ መሪው ሳጥን ላይ ተይዟል። ሌላው ጫፍ ከጎማው ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጫፉ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ቅስት ነው የሚሠራው። በር ሲከፈት የመዝጊያው ጫፍ እንደሚሄደው ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ታይሮዱ 30 ሳንቲሜትር ነው እንበል። መኪናዋ ስትቆም ታይሮዱ ጠፍጣፋ ነው፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አላዘነበለም። ጎማው በ3 ሳንቲሜትር ከፍ አለ። የታይሮዱ ጫፍ ወደ መሐል የሚገባው 1.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አይሰማችሁም። አሁን መኪናዋን በ6 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጉት። ታይሮዱ ገና ሳትነዱት 6 ሳንቲሜትር አዘንብሎ ነው የሚጀምረው። ጎማው እንደገና በዚያችው 3 ሳንቲሜትር ከፍ ሲል ጫፉ ከ7 ሚሊሜትር ተኩል በላይ ይገባል። ጉድጓዱ ያው ነው፣ መጎተቱ 5 እጥፍ ሆነ።

የቀኙ ታይሮድስ? እሱን 80 ሳንቲሜትር ብንለው በዚያው ሁኔታ የሚገባው 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ግራው ብዙ ይጎተታል፣ ቀኙ ትንሽ። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ስላልተጎተቱ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትሄዳለች። ሐረጎ ላይ እጄ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ያ ጋራዥ ከቱቦዎቹ ውስጥ ቅጠል ቆርጦ አውጥቶ ነበር። ቅጠል ሲቀነስ መኪናዋ ዝቅ ትላለች፣ ትለሰልሳለችም። የለሰለሰ እግር በየጉድጓዱ ብዙ ይሰምጣል። ማዕዘኑ ተበላሽቶ፣ መስመጡም ጨምሮ። ሁለት ጥፋት በአንድ ላይ።

ዝቅ ማድረጊያው ብዙ ነው፣ እኩል ግን አይደለም

ቅጠል መቁረጥን ከዚሁ እንተወው። ለማንም አልመክርም።

ሁለተኛው መንገድ ማስተካከያ መበየድ ነው። ቱቦው መሐል ላይ ይቆረጥና ቅጠሎቹ የታሰሩበት ቦታ እንዲዞር የሚያደርግ ጥርስ ያለው ብረት ይገባል። ቅጠሉ አይነካም። መኪናዋ አትለሰልስም። ከፍታውን በብሎን ታስተካክላላችሁ። ጥሩ ነገር ነው። ግን የታይሮዱን ማዘንበል አይፈታውም። ክንዱ ሲዞር ታይሮዱም አብሮ ያዘነብላልና። በቦል ጆይንት ቮልስ ላይ ሌላም ችግር አለ። ብዙ ዝቅ ስትሉ ቦል ጆይንቱ መታጠፍ ከሚችለው በላይ ይታጠፋል። በዚያ ሁኔታ ጉድጓድ ሲመታው ግንዱ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በማስተካከያ ብቻ ብዙ መውረድ ለዚህ ሞዴል አይሆንም።

ሦስተኛው፣ እኔና ወንድሜ የተስማማንበት፣ ስፒንድሉን መቀየር ነው። ስፒንድል ጎማው የሚሰካበት ብረት ነው። ዝቅ ማድረጊያ ተብሎ የሚሠራው ስፒንድል የጎማውን መሰኪያ ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ 63 ሚሊሜትር ያህል። ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ መኪናዋ በዚያው ልክ ትወርዳለች። ክንዱ ግን ፋብሪካው ባስቀመጠው ማዕዘን ይቆያል። ታይሮዱም ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ቦል ጆይንቱም አይጨነቅም። ዋጋው ከማስተካከያው ይበልጣል፤ ለእኔ ግን የሚገባው ይሄ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ስፒንድሉ ጎማውን በትንሹ ወደ ውጭ ሊገፋው ይችላል። ሁሉን ከማጥበቃችሁ በፊት ጎማውን ግጠሙና መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩት። ፓራፋንጎውን ይነካል? በባዶ አትሞክሩት። ሰው አስቀምጡበት።

አሞርዛተሩንም አትርሱ። በማስተካከያ ዝቅ ካላችሁ ክንዱ ቀድሞውኑ ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። የድሮው አሞርዛተር ለዚያ ይረዝማል። ጉድጓድ ሲመጣ ሊያጥር የሚችለውን ያህል አጥሮ ይጨርሳል። ከዚያ ምቱን የሚቀበለው ብረቱ ነው። አጭር አሞርዛተር ግዙ። በስፒንድል ከሄዳችሁ ግን የድሮው ልክ ይሆናል፣ ክንዱ አልተንቀሳቀሰምና።

ቱቦውን ማጥበብም አለ። ቱቦው ከመሐሉ ተቆርጦ ያጥራል፣ ሁለቱ ጎማዎች ወደ ውስጥ ይገባሉ። በፎቶ ደስ ይላል። ግን ሁለቱም ታይሮዶች ማጠር አለባቸው። ታይሮድ ባጠረ ቁጥር ከላይ ያየነው ቅስት ይጠባል፣ መጎተቱ ይብሳል። ደሴ ውስጥ ኮብልስቶን ላይ ውላ ለምታድር መኪና አልመኝላትም።

ካስተር፦ ባጃጁን እዩት

ባጃጅ ስትሳፈሩ የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀጥ ብሎ አልቆመም። ወደ ኋላ ጋደል ብሏል። ብስክሌትም እንዲሁ ነው። ይህ መጋደል ነው ጎማው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ የሚያደርገው። ካስተር ይባላል። በዓይን አይታይም፣ በእጅ ግን ወዲያው ይታወቃል። መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ የሚመለስ ከሆነ ካስተር አለ። መኪናዋ በቀጥታ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትዋልል ከሆነ ካስተሩ ጠፍቷል።

የቮልስ የፋብሪካ ካስተር ከ3 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ይላል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2400 ሚሊሜትር ነው። ፊቷን ብቻ በ60 ሚሊሜትር ዝቅ ስታደርጉ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ታጎነብሳለች። ሒሳቡ 1.4 ዲግሪ ይሆናል። ካለው ካስተር ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሄደ ማለት ነው። ይህ በስፒንድልም በማስተካከያም ያው ነው። መድኃኒቱ ቀላልና ርካሽ ነው። ከታችኛው ቱቦና ከሻንሲው መካከል ስስ ብረት ይገባል። የታችኛው ቱቦ ወደ ፊት ሲገፋ ካስተሩ ይመለሳል። ሲገባ ግን ብሎኑም መርዘም አለበት። ስስ ብረቱን አስገብቶ በድሮው ብሎን ያሰረ ሰው አይቻለሁ። ዳዶው የያዘው ጥርስ ሦስትና አራት ብቻ ነበር።

ከኋላም በዚያው ልክ ዝቅ ካላችሁ መኪናዋ አታጎነብስም፣ ካስተሩም አይነካም።

የመሰርሰሪያው ፈተና

አሁን በጣም የሚያስጨንቀኝ ቦታ ላይ ደረስን። በማስተካከያ ዝቅ ያሉ ሰዎች ታይሮዱን ጠፍጣፋ ለማድረግ ቴስቲኒውን፣ ማለትም የታይሮዱን ጫፍ መገጣጠሚያ፣ ይገለብጡታል። በአንድ በኩል ይገባ የነበረው በተቃራኒው በኩል እንዲገባ ያደርጉታል። ሐሳቡ ትክክል ነው። አሠራሩ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው።

አንድ ቴስቲኒ ፈትታችሁ እጃችሁ ላይ ያዙ። ግንዱን ተመልከቱ። ከላይ ሰፊ ነው፣ ወደ ዳዶው ሲወርድ ይጠባል። እንደ ጠርሙስ ቡሽ። የሚገባበት ቀዳዳም እንዲሁ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ግንዱ ቀዳዳው ውስጥ ይቀረቀራል። ዙሪያውን በሙሉ ይነካል። ኃይሉን የሚሸከመው ያ መነካካት ነው። ዳዶው ሥራው እንዳይላቀቅ መያዝ ብቻ ነው።

አሁን ይህን ግንድ በተቃራኒው ልታስገቡት ነው። የምታስገቡበት በኩል የቀዳዳው ጠባብ ጎን ነው። አይገባም። አንዱ ጎበዝ መሰርሰሪያ ያነሳል። ቀጥ ያለ ቀዳዳ ይበሳል። ግንዱ ይገባል። ዳዶው ይጠብቃል። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ግን ጣታችሁን ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ ብትዳስሱት ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፣ ግንዱ ሾጣጣ። የሚነካካው አንድ ቀለበት ላይ ብቻ ነው። በየጉድጓዱ ይንቀጠቀጣል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይበላዋል። አንድ ቀን ግንዱ ይቆረጣል። ያኔ ጎማው ከመሪው ጋር አይገናኝም። ፍሬን አላችሁ፣ መሪ የላችሁም።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። ወይ በሌላኛው በኩል ሾጣጣ ቀዳዳ በሚያወጣ መሣሪያ፣ በዚያው የሾጣጣ ልክ፣ ይሠራል። ወይ ቀዳዳው ሰፍቶ ውስጡ ሾጣጣ የሆነ ቦኮላ (የብረት ቀለበት) ይገባበታል። ቦኮላውን ቶርኖ የሚሠራ ሰው ሊያወጣው ይችላል፣ ልኩን ግን ከቴስቲኒው ራሱ ይውሰድ። ለመፈተሽ ግንዱን በጠመኔ ቀቡት። ቀዳዳው ውስጥ ከታችሁ ትንሽ አዙሩና አውጡ። ጠመኔው ዙሪያውን እኩል ከለቀቀ ይነካል። አንድ ቀለበት ላይ ብቻ ከለቀቀ እንደገና ይሠራ። ዳዶው እንዳይፈታ የሚያስረውን ሽቦም ሁልጊዜ አዲስ አድርጉ። አንዴ የታጠፈ ሽቦ ሁለተኛ አይታመንም።

ብየዳ የት ይፈቀዳል?

የእኛ አካባቢ በያጆች እጃቸው የተባረከ ነው። ላሜራ፣ ሻንሲ፣ የጭነት መኪና ካሶኒ ምኑም አይከብዳቸው። ለዚህም ነው “አብሽር፣ ይበየዳል” የምትለዋ ቃል በቀላሉ የምትወጣው። ፊት እግር ላይ ግን ወሰን አላት።

ቱቦው ይበየዳል። ለስላሳ ብረት ነው፣ ሰፊ ነው፣ ማስተካከያ ሲገባም በውጭ በኩል የሚያቅፍ ማጠናከሪያ ይኖረዋል። ከመበየዱ በፊት ቀጥ ማለቱ በክር ይለካል። ሁለት ሚሊሜትር ከተጣመመ ጎማዎቹ እኩል አይቆሙም።

ስፒንድል አይበየድም። ከመሪው ሳጥን የሚወጣው ክንድ አይበየድም። ቴስቲኒ አይበየድም። እነዚህ በመቀጥቀጥ ቅርጽ የያዙና በእሳት የጠነከሩ ብረቶች ናቸው። ብየዳ ሲነካቸው ከስፌቱ አጠገብ ያለው ቦታ ጥንካሬው ይለወጣል። አንዱ ጎን ይለሰልሳል፣ አጠገቡ ይደርቃል። የደረቀው ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይጀምራል። ስንጥቁ በአንድ ትልቅ ምት አይደለም የሚያድገው። በሺህ በሚቆጠሩ ትናንሽ ምቶች ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻውን ስንት ምት እንዳለው አስቡት። ታይሮድ ማጠር ካለበት ለዚያ ልክ የተሠራ ይገዛል። ወይም ጥሩ ወፍራም ቱቦ ውስጡ ጥርስ ወጥቶለት ይሠራል። ተቆርጦ ጫፍ ለጫፍ አይበየድም። እኔ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ብሎን ስትገዙ ጭንቅላቱን እዩ። 8.8 ወይም 10.9 ተብሎ ተጽፎበታል? የመጀመሪያው ቁጥር ብረቱ እስኪበጠስ የሚሸከመውን ይናገራል። ሁለተኛው ሳይረዝም የሚችለው የዚያ ስንት እጅ እንደሆነ ይናገራል። 8.8 ማለት 800 ሜጋፓስካል ድረስ አይበጠስም፣ እስከዚያ 80 በመቶ ድረስም አይረዝምም ማለት ነው። ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ለበር ይሁን። ለፊት እግር አይሁን።

ስለ መሪ ሳጥን መቀየር በአጭሩ። አንዳንዱ የድሮውን አውጥቶ የዘመናዊ መኪና ረጅም ሬክ (ጥርስ ባለው ቀጥ ያለ ዘንግ የሚሠራ መሪ) ያስገባል። መሪው ይቀላል። ግን የሬኩ ታይሮዶች የሚታጠፉበት ቦታ ከቮልሷ እግር ጋር ካልተስማማ ሐረጎ ላይ የሆነብኝ ነገር በሁለቱም ጎማ ይመጣል። ለቮልስ የድሮው ሳጥን ታድሶ፣ ግራሶው ተቀይሮ፣ ልቅነቱ ጎማዎቹ ቀጥ ባሉበት ቦታ ላይ ተስተካክሎ ቢሠራ ይበልጣል። ከመሪው የሚወርደውን ዘንግ መንገዱን ካስቀየራችሁና ሁለት ክሮቼራ (ዘንግ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ) ካስገባችሁ ሁለቱ በእኩል ማዕዘን ይታጠፉ፣ ሹካዎቻቸውም አንድ መስመር ላይ ይሁኑ። አለዚያ መሪው አንድ ቦታ ይከብዳል፣ አንድ ቦታ ይቀላል።

ከኋላ፦ ከፍ ማድረግ ከዝቅ ማድረግ ይብሳል

ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው ቮልስን ዝቅ ሳይሆን ከፍ ማድረግ ነው የሚፈልገው። ገጠር መንገድ አለ፣ ጭቃ አለ። ይገባኛል። ግን የእኛን ዓይነት ቮልስ ከኋላ ከፍ ማድረግ አደጋው የከፋ ነው።

የኋላው አክስል የሚታጠፈው ካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው። ጎማው ጋ አይታጠፍም። ስለዚህ አክስሉ ወደ ታች ሲያዘነብል ጎማውም አብሮ ያዘነብላል። መኪናዋን ከፍ ስታደርጉ ጎማዎቹ ከላይ ይራራቃሉ፣ ከታች ይቀራረባሉ። በፍጥነት ኩርባ ስትገቡ የውጭኛው ጎማ ከሥሯ ይታጠፋል። መኪናዋን ወደ ላይ ያነሳታል። ከዚያ ኋላዋ ያመልጣል። የሐረጎ ቁልቁል ደግሞ ኩርባ በኩርባ ነው። ቮልስዋገን ራሱ በ1960ዎቹ ማብቂያ አንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ አክስሉ በሁለት ቦታ እንዲታጠፍ አደረገ። የእኛዋ ያ የላትም። ከፍ ማድረግ ግድ ከሆነ ጥቂት ብቻ ይሁን፣ ከካምቢዮው ሥር አልፎ ሁለቱን አክስሎች የሚይዝ ተጨማሪ ባሌስትራም ይግባ።

ከኋላ የከፍታው ማስተካከያ በጣም የምወደው ብልሃት አለው። ከኋላ እንደ ሞላ የሚያገለግለው፣ ሲጫን የሚጣመም ዘንግ ነው፤ ሁለት ጫፍ አለው። የውስጠኛው 40 ጥርስ ነው። የውጭኛው 44። ውስጡን አንድ ጥርስ ብታዞሩ 9 ዲግሪ ነው። ውጩን አንድ ጥርስ ብታዞሩ 8 ዲግሪና ትንሽ። አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አንድ ጥርስ ብታደርጉ ልዩነቱ አንድ ዲግሪ አይሞላም። ያ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ነው። ያለ ምንም አዲስ ዕቃ፣ ያለ ብየዳ። ወንድሜ ይህን ሲያይ ግማሽ ቀን ሙሉ ጥርስ ሲቆጥር ዋለ። ከማውጣታችሁ በፊት ግን የነበረበትን በቀለም ምልክት አድርጉ። ዘንጉንም በሽቦ ብሩሽ አትፈግፉት። ከላዩ ያለው ቀለም ሲፋቅ ዝገት ይጀምራል፣ ዝገቱ ደግሞ የስንጥቅ መነሻ ነው።

መለኪያው ጠመኔና ሜትር

አላይመንት ማሽን ካገኛችሁ ጥሩ። ካላገኛችሁም የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማየታቸው በእጅ ይለካል። ጎማዎቹን ነፉ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ። ሾፌሩ ይቀመጥ። በሁለቱም ጎማ ፊት ለፊት፣ በአክስሉ ከፍታ፣ መሐሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ለኩና ጻፉ። ከዚያ መኪናዋን ወደ ፊት ግፏት፣ ምልክቱ ከኋላ በዚያው ከፍታ እስኪመጣ። እንደገና ለኩ። የፊተኛው ልክ ከኋለኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ቢያጥር ለቮልስ ጥሩ ነው። ታይሮዱ በአንድ ጫፉ ቀኝ ጥርስ፣ በሌላው ግራ ጥርስ ስላለው ቱቦውን በማዞር ብቻ ይረዝማል ያጥራል።

ሰው “አንድ ሳንቲሜትር ምን አላት” ይላል። እንይ። የቮልስ ጎማ ከፊቱ እስከ ኋላው 64 ሳንቲሜትር ያህል ነው። 1 ሳንቲሜትር ከተሳሳታችሁ በየ64 ሜትሩ ጎማዎቹ 1 ሜትር ወደ ጎን እየተፋቁ ይሄዳሉ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ስትወጡ 390 ሜትር ያህል ወደ ጎን ተጎትተዋል። ጎሚስታው በዚህ ወር ሦስተኛ ጎማ ቢያሳያችሁ አትገረሙ።

ሐረጎ ላይ የሆነውን ጉድም በዚሁ ሜትር ማግኘት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ባዶዋን ለኩ። ከዚያ የፊት ሻንጣዋ ውስጥ 50 ኪሎ የሚመዝን የሲሚንቶ ከረጢት ሁለት ጨምሩና ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ ለኩ። ቀጥሎ አውርዱትና ፊቷን በክሪክ ጎማው መሬት እንደነካ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ለኩ። ሦስቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ታይሮዳችሁ ጠፍጣፋ ነው። ከተራራቁ አሁንም ማዕዘኑ አልተስተካከለም። እኛ መጀመሪያ ስንለካ በባዶና በሲሚንቶ መካከል 11 ሚሊሜትር ልዩነት ነበር። አዲሱን ስፒንድልና አዲስ ቅጠል ከገጠምን በኋላ 2 ሆነ። ያንን ቁጥር ወንድሜ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፈው፣ እስካሁን አለ።

ከዚህ ሁሉ በፊት መታየት ያለበትን ከኋላ ስላመጣሁት ይቅርታ፦ ቱቦዎቹ የታሰሩበት የሻንሲው ጫፍ። ደሴ ጉምና ዝናብ ይበዛባታል፣ ጭቃው እዚያ ጥግ ይጠራቀማል። ጠመንጃ መፍቻ ይዛችሁ ወጋ ወጋ አድርጉት። ከገባ፣ ምንም ዓይነት አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ገንዘባችሁን እዚያ አድርጉ። ለውጥ ከመጀመራችሁ በፊትም ቦሎ የምታወጡበት ቦታ ሄዳችሁ ምን እንደሚፈቀድ ጠይቁ። ሁሉን ጨርሳችሁ ምርመራ ላይ ከመመለስ ይሻላል።

የእኛዋ አሁን ሞተሯንና በሮቿን እየጠበቀች ነው። ሲገጠሙ መጀመሪያ ደሴ አንወጣም። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ባለው መስመር፣ በዝግታ፣ 20 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን። እንቆማለን። ዳዶ ሁሉ በቁልፍ ይነካል፣ ሽቦ ሁሉ ይታያል፣ ጠመኔውና ሜትሩ ይወጣሉ። ከዚያ እንደገና። ሦስት ጊዜ ሄደን ግድግዳው ላይ ያለው 2 ካልተለወጠ፣ አራተኛው ጉዞ ሐረጎን ሽቅብ ነው። ወንድሜ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ።